የባለቤቴ የካሴት ገበያ

ባለቤቴ ናዝሬት ከተማ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ "ሥራዬን ልለቅ ነው" አለኝ። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ከ"ለምን?" ይልቅ "ከዚያስ?" ይቀድመኛል። ከዚያስማ ትምህርቱን በካሴት ቀድቶ፣ አስተማሪ ላጠራቸው የስምጥ ሸለቆ ትምህርት ቤቶች ሊሸጥ ነው!

እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ ሲያወሩት ያምራል። በደርግ ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ማለፍና መውደቅ የልጅ ዕጣ ነበር። ከመቂ ወዲያ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ይመደባል እንጂ አይሰነብትም። የሬዲዮ ትምህርት አለ፤ ግን ሬዲዮ አንዴ ካለፈ አለፈ፣ ይደገምልኝ አይባልም። ካሴት ግን ወደኋላ ይጠነጠናል። "እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ካሴቴ ግን በአንድ ቀን ስንት ከተማ ያስተምራል!" ይለኝ ነበር፣ ጣቱን በአየር ላይ እያሽከረከረ።

እኔ ግን ፈራሁ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ተለቆ ወዴት ይኬዳል? ደግሞ የፈራሁት ለደመወዙ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጠመኔውን ኪሱ ከቶ ሲወጣ ሠርግ የተጠራ ሰው ነበር የሚመስለው። ያ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ካሴት ሲጠነጥን ሊውል ነው። "ገበያውን በዓይናችን ሳናይ አትለቅም" አልኩት፤ ብዙ ተከራክሮ ተስማማ።

ቀረጻው መኝታ ቤታችን ውስጥ ሆነ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ እኔም እስትንፋሴን ውጬ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያም ሆኖ ሁለተኛው ትምህርት ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጮኻል፣ ሦስተኛው ላይ የጋሪ ቃጭል ያልፋል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነዋሪውን ለስብሰባ የጠራበትን ቦታ ግን አጥፍተን እንደገና ቀዳነው፤ ተማሪው በሙሉ ተነስቶ ስብሰባ ቢሄድስ?

ከዚያ ባለቤቴ ከሥራው የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቆ፣ ቴፑን በፎጣ ጠቅልለን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ቡልቡላ፣ ሻሸመኔ፣ ኩየራ። በደረስንበት ሁሉ ነገሩ አንድ ነው። ዳይሬክተሩ ወንበር አራግፎ ያስቀምጠናል፤ ለስላሳ ይላክልናል፤ ባለቤቴ ቴፑን ይከፍታል፤ ዳይሬክተሩ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። "ግሩም ነው!" ይላል አንዱ። "ለሰፊው ሕዝብ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ እናስብበታለን" ይላል ሌላው። ዝዋይ ላይ አሳ ጋበዙን። የቡልቡላው ዳይሬክተር "አካም ጅርቱ!" ብሎ ሁለታችንንም አቅፎ ተቀበለን። ካሴቱን ሰምቶ ሲያበቃ ትምህርት ቤቱ ቴፕ እንዳለው ጠየቅሁት። "ቴፕማ የለንም፤ ሐሳቡ ግን ድንቅ ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ። ባለቤቴ ይህንንም ከገዢ ቆጠረው። ኩየራ ያገኘናቸው አዛውንት ዳይሬክተር ደግሞ የቢሯቸውን በር ገርበብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩልን።

ማታ ሻሸመኔ ባረፍንበት ሆቴል ባለቤቴ እራቱን መዋጥ አቃተው፣ ከደስታ ብዛት። "አንድም እምቢ ያለ የለም! እንደተመለስን መልቀቂያዬን አስገባለሁ" አለ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት። "እኔ አባቴ ጨርቅ ሲሸጥ ባንኮኒው ሥር ነው ያደግሁት። ሊገዛ የመጣ ሰው ጨርቁን ያጣጥላል። ይሄ ሳስቷል፣ ይሄ ቀለሙ ይለቃል ይላል። 'እንዴት ያምራል!' እያለ የሚዳብሰው እጁን አጣምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

"አስተማሪ እንደ ጨርቅ ገዢ አይደለም" አለኝ ተቀይሞ።

"አይደለም፤ ከጨርቅ ገዢ የባሰ ይሉኝታ አለበት። እስቲ በሞቴ፣ ከናዝሬት ድረስ ቴፕ ተሸክሞ ለመጣ እንግዳ ፊት ለፊት አይሆንም የሚል ማን አለ? አንተ ራስህ ትላለህ?"

መልሱን ሳልጠብቅ ሌላ ጨመርኩበት፦ ስንመለስ ቡልቡላ እንውረድና ካሴቱን ልጆች ይስሙት። ዳይሬክተር ሰምቶታል፣ ተማሪ ግን ገና አልሰማውም። ይህን እንኳ እምቢ ሊለኝ አልቻለም።

በማግስቱ ጠዋት ቡልቡላ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። መብራት ስለሌለ ባትሪ ድንጋዩን ከቤት ይዘን ነበር። እኔና እሱ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ዳይሬክተሩ በሩን ተደግፎ ቆመ።

"እንደምን አደራችሁ ተማሪዎች!" አለ ቴፑ። ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። "እንደምን አደሩ ጋሼ!" ባለቤቴ ለሰላምታው ሲቀዳ ፋታ ትቶለት ነበር፤ ልጆቹ ሲጨርሱ ቴፑ "ተቀመጡ" አላቸው፣ ተቀመጡ። ባለቤቴ በክርኑ ጎሰመኝ፤ አላየሽም ወይ ማለቱ ነው።

"እንግዲህ ሰሌዳው ላይ እንደጻፍኩት" ብሎ ቴፑ ቀጠለ። ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። ሰሌዳው ባዶ ነው። አንዱማ ምናልባት ከኋላ ይሆናል ብሎ ዞሮ እኛን አየን። መኝታ ቤት ውስጥ ሲቀዳ ግድግዳችንን በእጁ እያሳየ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነከስኩ። ባለቤቴን ግን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

"ገባችሁ?" አለ ቴፑ።

"አዎ ጋሼ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"ጎበዞች! እንቀጥል።"

ባለቤቴ አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር። ገባችሁ ሲባል አዎ የማይል ልጅ አልተፈጠረም፣ ስለዚህ አስተማሪ ጆሮውን ዘግቶ ግንባራቸውን ማየት አለበት። አሁን ዓይኑ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ላይ ነበር። አዎ ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በልጦ ተሰምቷል፤ እርሳሷን እያኘከች ነው፣ ደብተሯ ላይ አንድም ነገር የለም። ቴፑ ደግሞ "ጎበዞች!" አለ። ባለቤቴ ተነሳ። ወደፊት ሄዶ የገዛ ድምፁን መሃል ላይ ቆረጠው።

"የቱ ጋ ነው ያልገባሽ፣ የኔ ልጅ?"

ልጅቷ ቆመች። ቴፑን አየችው፣ እሱን አየችው። "ከመጀመሪያው ጀምሮ ጋሼ" አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ነጠላዬን ከትከሻዬ ወሰደው። ለሁለት አጠፈው፣ ግማሽ። ደግሞ አጠፈው፣ ሩብ። "ጓዶች፣ ሁለት ሩብ ስንት ይሆናል?" እያለ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ በረድፎቹ መሃል ይዞራል፤ ዕጥፉን በእጃቸው ያስነካቸዋል፣ ያስዘረጋቸዋል። እኔ ከተጋባን ጀምሮ ስለ ክፍሉ ሲያወራ እሰማለሁ እንጂ ሲያስተምር አይቼው አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። ለካ ይህን ነው ሊለቀው የነበረው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ወደ እኛ መጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውዬው ፍጹም ሌላ ሆኗል፤ ፈገግታው የለም።

"ሲጽፉ ጀርባዎን ለልጆቹ ይሰጣሉ፤ ኋላ ያሉት አይሰሙዎትም" አለው። "ይቸኩላሉም። ከልጆቹ ግማሹ ቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፣ ቀስ ይበሉ እንጂ!"

ባለቤቴ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ ግን ልቤ ዘለለ፤ ሰውዬው እያጣጣለ ነዋ!

"ለመሆኑ" አለ ዳይሬክተሩ፣ "ቴፑ ይቅርና እርስዎ መምጣት የሚችሉት መቼ መቼ ነው?"

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ቤት የሚውልልኝ ቅዳሜን ብቻ ነበር፤ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ይወስደዋል። ልጅ ገና አልወለድንም፣ ቅዳሜ ምሳ ሁለታችን ብቻ የምንሆንበት ሰዓት ነው። ይህን ስለሚያውቅ መልሱን ለእኔ ተወው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል" አልኩ እኔ።

ሥራ የመልቀቁ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን አልተነሳም። እኔም ብዙ ቅዳሜ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ፤ ማንንም አልወቅስም፣ የሸጥኩት ራሴ ነኝ።