የውዱ ውሃ

የወሰዱኝ አራስ ሆኜ ነው። የፈለጉት ባሌን ነበር፤ እሱን ሲያጡ እኔን ያዙ። ልጄን ለእናቴ አቀብዬ፣ ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ፣ በሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መሃል የጉለሌን ቁልቁለት ወረድኩ። ሆስፒታል የተሰፋሁት ገና አልሻረም።

«ፈጠን በይ እንጂ!» ይለኛል አንደኛው።

ቀበሌው ሴቶችን የሚያስረው ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጀርባ ባለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ቦታ ስለሌለ ሁሉም ጉልበታቸውን አቅፈው ተደርድረዋል። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ ክፍሉ ላብና ሽንት ይሸታል። በሩ ጥግ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«እናንተ የተማራችሁት ባመጣችሁት ነው እኛም የተቆለፈብን» አሉ።

ሸጎሌ ቅቤ ይነግዱ ነበር፤ ዋጋ አስወደዱ ተብለው ነው የታሰሩት። እስረኞቹ ሁሉ እማማ ነው የሚሏቸው። ከጎናቸው ተሸጉጬ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ላይ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪውን በመልክ አውቀዋለሁ። እርጉዝ ሆኜ በደጁ ሳልፍ ሰላም ይለኝ ነበር።

«ቁጢጥ በይ!»

«ተሰፍቻለሁ። ቆሜ ልመልስ።»

«ባልሽ የት ነው?»

«አላውቅም።»

ትከሻዬን ይዞ ቁልቁል ተጫነኝ። የሆነ ነገር ሲተረተር ተሰማኝ፤ ትኩስ ደም በጭኔ ወረደ። እሱም አየው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «ውሰዷት» አለ።

ስመለስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ጡቴ ጠጥሮ ብብቴ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። ከልጃገረዶቹ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እማማ ግን ተነሱ።

«ዙሩ! ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ።»

ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ከበቡን። እማማ ከተቀመጡበት ጥግ በጨርቅ የተከደነ ጣሳ አወጡ። ለያንዳንዳችን በቀን የምትደርሰን ውሃ ያቺው ብቻ ናት። እሳቸው ጥማቸውን ችለው ለሶላት መታጠቢያ ያስቀምጧት ነበር።

«እማማ፣ ይኼ እኮ የውዱ ውሃዎት ነው።»

«ዝም በይና እግርሽን ክፈቺ።»

እጃቸው ሻካራ ነበር። ቀስ እያሉ አጠቡኝ። ሻሻቸውን ለሁለት ቀደው ግማሹን ደም መቀበያ አደረጉልኝ፤ በቀረው ጡቴን እያለቡ ወተቱን ጠረጉት። ሆዴን በነጠላዬ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

«ምንድን ነው የወለድሽው?»

«ሴት።»

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ።»

የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጣሳው ባዶ ነበር። እማማ በውሃው ፋንታ መዳፋቸውን የግድግዳው አፈር ላይ መታ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። እኛም ተጠጋግተን ግንባራቸው ወለል የሚነካበት ቦታ ለቀቅንላቸው።

በነጋታው እንደገና ተጠራሁ። ትኩሳት ይዞኛል። ጠባቂው ሊደግፈኝ እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ» አልኩት። ግድግዳውን እየያዝኩ በራሴ እግር ሄድኩ። መርማሪው ቁጢጥ በይ አላለኝም። ቆሜ «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

ቁስሉ አመርቅዞ ከረመ። በኋላ እንደነገሩ ገጠመ። እማማን ከእኔ ቀድመው ወሰዷቸው፤ ይፍቷቸው ወይም ሌላ እስር ቤት ያዛውሯቸው የነገረን የለም። ከዓመት በላይ ታስሬ ስፈታ ሸጎሌ ሄጄ ጠየቅኩ። ሱቃቸው ታሽጓል፤ ጎረቤቶቹም የሚያውቁት አልነበረም። ባሌም በዚያው ቀረ።

ቤት ስገባ ልጄ እናቴን እማዬ ትል ነበር። ላቅፋት ስል አለቀሰች።

አሁን እሷም ወልዳለች። ባለፈው ልጇን እያጠባች፣ «እማዬ፣ እኔን ግን ለምንድን ነው ያላጠባሽኝ?» አለችኝ።

«ወተቴ ደርቆ» አልኳት።

ደርቆ ነበር። ከዚያ በላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ልጇ እንቅልፍ ሊወስደው ነበርና ተውኩት።