አራቱ አሮጌ ኮምፒውተሮቼ ዛሬ ተነጋገሩ

ዛሬ ከሰዓት አራቱም ኮምፒውተሮቼ አንድ ሥራ ተካፍለው ሠሩልኝ። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ፀዳ ከተማ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ለፍቼባቸዋለሁ። ሁለቱን ከቢሮ ሲወገዱ በጨረታ ገዛኋቸው፤ ሁለቱን ከተበላሹ ማሽኖች ዕቃ እየለቀምኩ ገጣጠምኩ። ከዚያ እንደ አንድ ትልቅ ማሽን እንዲሠሩ በገመድ አያያዝኳቸው።

(አንደኛው ክዳን ስለሌለው ካርቶን አልብሼዋለሁ። የፀዳ አቧራ ግን ካርቶን አይፈራም።)

ሥራውን የጀመርነው ከጓደኛዬ ጋር ነበር። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዛሬ ስደውልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለኝ። እስካሁን አልደወለም።

ኮሶዬ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ!»

«እሰይ! ሸጋ ነው ልጄ። ምን ተባባሉ?»

«ሥራ ተካፈሉ።»

«አንተስ ዛሬ ከማን ጋር ተነጋገርክ?» አለችኝ።

ባስብ ባስብ ማንም አልመጣልኝም። ጠዋት ዳቦ ስገዛ እንኳ በጣቴ ሁለት አሳይቼ ነው የወጣሁት።

«ከአንቺ ጋር» አልኳት።

«ምነው ልጄ?» ድምጿ ተለወጠ። «በል ቅዳሜ ና። ማሽኑን ዝጋውና ና።»

እሺ አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት በኮሶዬ የሚያልፈው የደባርቅ መኪና ላይ ነኝ።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ የለፋችሁበት ነገር የተሳካላችሁ ቀን መጀመሪያ ለማን ደወላችሁ? አነሳላችሁ?