ሽማግሌ የተላከበት ልብ ወለድ

አባቴን ከአንኮበር አምጥቼ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ለማስቀመጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመንኳቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ክረምት ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ድረስ ግማሽ ቀን ዝናብ ላይ ተኝተዋል። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እሳቸውማ "ትንሽ አረፍ ብዬ ነበር" ነው ያሉት። ሌላ ክረምት ብቻቸውን እንዲገጥማቸው አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር እፈራ ነበር።

በግንቦት ልጠይቃቸው ስሄድ፣ የጻፍኩትን ልብ ወለድ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዤ፣ ልባቸው እንዲራራ ብዬ ወሰድኩላቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን በድንጋይ ግንብ የፈጁ ግንበኛ ናቸው፤ ግን ያገኙትን ወረቀት ሁሉ ያነባሉ፣ የመድኃኒት መጠቅለያም ቢሆን። መጽሐፉ ወደፊት ስለሚመጣ አንድ ክፉ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ከአንድ ወንበር በላይ መያዝ ወንጀል ነው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ማውራቱ አይቀርማ። አንዱ ምስኪን በርጩማ ደብቆ ተገኘና ታሰረ። ገዥው ደግሞ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይኖራል።

"አንብቤ ስጨርስ መምጣት አለመምጣቴን እነግርሃለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ይዤ ቆሜ ሳለ ይደውላሉ።

"የሕዝቡ ቤት ጣሪያው ለጥ ያለ ነው። ሐምሌን አይሻገርም።"

"አባባ፣ በዚያ ዘመን ዝናብ ቆሟል።"

"ዝናብ ከቆመ ምን በልተው ነው የሚታሰሩት?"

በማግስቱ ደግሞ የእስር ቤቱ ግንብ መሠረት የለውም አሉ፤ እስረኛው በትከሻው ገፋ ቢያደርገው መውጣት ሲችል ይህን ሁሉ ገጽ የሚያለቅሰው ለምንድን ነው? በሦስተኛው ቀን የእስረኛውን እናት ቤት አገኙት። "በሯን በነፋሱ ፊት ለፊት ነው ያደረግኸው" አሉ፤ "ሴትዮዋ ምን አድርጋህ ነው?"

"ይኸውልህ" አሉኝ አንድ ቀን፣ "ቤት ሥራልኝ ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው 'መደቡ ስንት ክንድ ይሁን?' ብዬ ነው። ሰው የሚቀመጥበትን መደብ አሳጥርልኝ ካለኝ ማንነቱን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አያሻኝም። አንተ ይህን ሁሉ ቤት ሠርተህ አንድ መደብ የለህም። ለቅሶ ቢደርስባቸው ሰዉ የት ይቀመጣል?"

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት። የባሰ አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ።

"ቤት ለእንግዳ" አልኩ እንደ ወጉ፣ ከፈትኩም። ሦስት ሽማግሌዎች ከአንኮበር በሚኒባስ መጥተው በሬ ላይ ቆመዋል፦ አንድ ቄስ፣ አንድ እስላም ጎረቤታችን፣ እና ከአባቴ ጋር ሲገነቡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ። ሽማግሌ የሚላከው ወይ ለጋብቻ ነው፣ ወይ ለተጣላ። እኔ የጠየቅኳት ልጅ የለች፣ የተጣላሁትም ሰው የለ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ቄሱ። "የመጣነው ስለታሰረው ሰውዬ ነው። አባትህ ከሰዓት ከሰዓት እያነበበልን፣ እሱም እኛም እህል አልበላ ብሎናል። ስለ በርጩማ ሰው አይታሰርም። ማርልን።"

"ወላሂ እውነታቸውን ነው" አሉ ጎረቤታችን። "እሱ በርጩማውን ይመልስ፣ አንተም ፍታው።"

"አባቶቼ፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው። ሰውየው የለም።"

"ከሌለማ መፍታቱ አይከብድህም" አሉ ግንበኛው።

ስንት ዓመት የደከምኩበትን አሳዛኝ ፍጻሜ በአንድ አረፍተ ነገር አፈረሱት። ሦስት ሽበት ፊቴ ቆሞ እንዴት እምቢ ልበል? "እሺ፣ ስለ እናንተ ስል ፈትቼዋለሁ" አልኩ። ቄሱ መረቁኝ፣ ሌሎቹ አሜን አሉ።

"እንግዲህ ተቀመጡ።"

መቀመጫ በዓይናቸው ፈለጉ። ያለኝ አንድ ወንበር ነው። መሬት ላይ ያለው ፍራሽ በተማሪ ፈተና ወረቀት ተሸፍኗል። "አንተ ተቀመጥ"፣ "ኧረ በእግዜር፣ አንተ ተቀመጥ" ተባብለው ሦስቱም ቆመው ቀሩ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ በአንዲቷ ብርጭቆዬ በየተራ ጠጡ።

ቄሱ ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፌን አወጡና፣ የገዥው አዳራሽ የተጻፈበትን ገጽ ፈልገው ያነቡ ጀመር። "አንድ ወንበር። አንድ ብርጭቆ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጠረጴዛ። በቀን መጋረጃዋ የማይገለጥ መስኮት።" አንድ አንዱን በጠሩ ቁጥር ቀና ብለው ይፈልጉታል፣ ያገኙታልም።

"እዚሁ ነው" አሉ ግንበኛው ቀስ ብለው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የድሆቹን ቤት ለመፈልሰፍ ወራት ፈጅቶብኛል። የገዥውን አዳራሽ ግን በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኩት፤ ክፍሌን ከማስፋቴ በቀር ምንም አልፈለሰፍኩም። ሽማግሌዎቹ የምሳ ሰዓቱን ሚኒባስ ለመያዝ ተሰናብተውኝ ሄዱ። ያዩትን ለአባቴ እንደሚነግሯቸው አውቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። እኔ ስደውልም አያነሱም። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ግንበኛ አይገባም፣ በገዛ እጄ በጻፍኩት ነገር አባቴን አስቀረኋቸው እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ።

ሐሙስ ዕለት ደወሉ። "መናኸሪያ ነኝ። ናና ውሰደኝ።"

ሮጬ ደረስኩ። አንድ ማዳበሪያ ከረጢትና የተጠቀለለ የበግ ጠጉር ባና አጠገባቸው አስቀምጠው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"እንኳን መጡልኝ አባባ። ክረምቱን ብቻዎን እንዳይሆኑ ብዬ እኮ ነው…"

"ለራሴ ብዬ የመጣሁ እንዳይመስልህ" አሉኝ። "እኔ ብወድቅ ጎረቤት ያነሳኛል፣ አንስቶኛልም። እስረኛህም ሦስት ሽማግሌ ተገኝቶለት ተፈታ። ለዚያ ለገዥው ግን የሚለምንለት አንድ ሰው አላገኘሁም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግሁ።"

ፊቴን እንዳያዩብኝ ከረጢቱን ተሸክሜ ፊት ፊት ሄድኩ።