ተክለጻድቅ ዝም ያለ ጊዜ

ኮርቻ ሰፊው ተክለጻድቅ በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከእግዚአብሔር ጋር ያወራ ነበር። ጸሎት ይባል እንጂ አነጋገሩ ከአጥር ማዶ ያለ ጎረቤት የሚያናግር ይመስላል። ዳዊቱን ደግሞ፣ አቡነ ዘበሰማያቱን አድርሶ ሲያበቃ፣ ወስፌውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ይቆምና የዕለቱን ጉዳይ ያነሳል።

«ጌታዬ፣ ትናንት የገዛሁት ቆዳ ስስ ነው። ለጠፍር ላውለው ወይስ ልመልሰው? ሰውዬው እንደሆነ ሲመልሱበት ይከፋዋል። ደግሞ የጎረቤታችንን ሚስት ሳሉ አልለቀቃትም፤ እሷንም አስባት።»

ሚስቱ ወርቅአፈራሁ ጓዳ ሆና እህል እየለቀመች ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንዳንዴ ሳቋ ያመልጣታል።

«አሁን ለአንድ ቆዳ ብለው እግዚአብሔርን ያስቸግራሉ?»

«ታዲያ ከማን ጋር ልማከር? አንቺ እንደሆንሽ ቆዳ አታውቂ» ይላታል።

እሷ አትለምንም። ጾሙን ትጾማለች፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ማርያም ሄዳ ደጁን ትሳለማለች፤ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ዓመት ሳይሞላቸው ቀብራለች። ሁለተኛዋ በታመመች ጊዜ የምታውቀውን የልመና ቃል ሁሉ ተናግራ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በልቧ «ያንን ትልቁን ካልሰማኝ ትንሽ ትንሹን ይዤ ምን አስኬደኝ» ትላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም ጭምር።

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ኮርቻ የሚያሠራ ሰው ጠፋ። በቅሎ ይቀመጡ ከነበሩት ጌቶች ከፊሉ በጦርነቱ አለቁ፣ ከፊሉ ጫካ ገቡ፣ ከፊሉም በግዞት ባሕር ተሻገሩ። በመንገዱ የሚያልፈው ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና ሆነ። ከልደታ ሜዳ የሚነሳው አውሮፕላንም ክዳኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በቤቱ ላይ ያልፋል። ተክለጻድቅ እጅ ላይ የቀረው አንድ ያለቀለት ኮርቻ ብቻ ነበር፤ አንድ ፊታውራሪ ወደ ሰሜን ሲዘምቱ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብለው ያሠሩት ነው። አልተመለሱም። ኮርቻው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ተክለጻድቅም እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ እያወረደ ቅቤ ይቀባዋል።

በየማለዳው ግን ልመናው አልተቋረጠም። «ጌታዬ፣ ዛሬ አንድ በቅሎ ብቻ ላክልኝ።» በቅሎ አይመጣም። ምሳ ላይ ሲቀመጥ፣

«ዛሬም እንቢ አለኝ» ይላታል ፈገግ ብሎ።

«እና ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ነገ እጠይቀዋለኋ።»

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከክረምቱ መውጫ ላይ ደገፋ መጣ። ደገፋ ቀድሞ የአንድ መኳንንት በቅሎ ያዥ ነበር፤ ኮርቻ ሊያስጠግን ሲመላለስ ከዚህ ቤት ብዙ ጊዜ ምሳ በልቷል። አሁን ጣሊያንኛ ለምዶ በጦር ሰፈሩ አስተርጓሚ ሆኗል።

«ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ሥራ ይዤልዎት መጣሁ። ለጭነት በቅሎዎች ኮርቻ ይፈለጋል፤ ብዙ ነው። ክፍያውም ደህና ነው።»

«በቅሎዎቹ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ደገፋ ወደ ደጅ አየ። «ወደ ሜጫ፣ ወደ ጅባት። እኔ የሚጫነውን አልጠይቅም። እርስዎም ባይጠይቁ ይሻላል።»

በሜጫና በጅባት ጫካ አርበኞች እንዳሉ የማያውቅ ሰው አልነበረም። የተክለጻድቅ የእህት ልጅም ከእነሱ ጋር ነው ይባላል። ተክለጻድቅ «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሸኘው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግም ወርቅአፈራሁ ትሰማው ጀመር። «ጌታዬ፣ በቅሎ ላክልኝ ብዬህ ነበር፤ ይሄው በቅሎ መጣ። የላክኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ነው? ቤቴ እንደሆነ ባዶ ነው። አንድ ነገር በለኝ።»

አንድ ቀን ገብቶ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ዝም አለኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቅና?»

«እንዲያው የመሰለሽን።»

የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «በቅሎው ጥይት ጭኖ ሲሄድ፣ ያ የእህትዎ ልጅ ከወዲያ ማዶ ቢኖርስ? እኔ በዚያ ገንዘብ የተገዛ እህል መፍጨት የምችል አይመስለኝም።»

ተክለጻድቅ ራሱን ነቀነቀ። «ምናልባት መልሱን በአንቺ አፍ ልኮልኝ ይሆናል።»

«ኧረ እኔን እዚህ ውስጥ አያስገቡኝ» አለች ተቆጥታ።

ደገፋ ሲመለስ ተክለጻድቅ «ዓይኔ ደክሟል፣ መርፌ እንኳ በወጉ አይታየኝም፤ ለዚህ ሁሉ ሥራ አልሆንም» አለው። ውሸት አልነበረም፤ ዓይኑ ላይ ጭጋግ መሳይ ነገር መውረድ ከጀመረ ሰንብቷል። ደገፋም ነገሩ ገብቶት «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ሄደ። ነገር ግን ሳምንት ሳይቆይ ሁለት ወታደሮች እሱኑ አስከትለው መጡ። በቤቱ የነበረውን ቆዳ ሁሉ አወጡ። ሲወጡ አንደኛው የፊታውራሪውን ኮርቻ ከምሰሶው አወረደና ትከሻው ላይ ጣለው። ደገፋ ባልና ሚስቱን ቀና ብሎ አላያቸውም።

በማግስቱ ወርቅአፈራሁ እንደ ልማዷ ጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች። ተክለጻድቅ ዳዊቱን ደገመ፣ አቡነ ዘበሰማያቱን አደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። ወጥታ ብታይ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ቅዳሴ አያጎድልም፣ ሰው ሰላም ቢለው ይመልሳል፣ የቀረበለትን ይበላል። ያ ወሬው ግን ቀረ። ቤቱ አንድ ሰው የወጣበት ይመስል ጭር አለባት። የሚወደውን ሠራችለት፤ አመስግኖ በላ፣ ዝም አለ። ሲቸግራት የንስሐ አባታቸውን መምሬ ተሰማን ለመነቻቸው። «ይምጡና ይገሥጹት። ከእግዚአብሔር ተጣልቷል።»

«ደክሞት ይሆናል እንጂ ምን ያጣላዋል» አሏት መምሬ ተሰማ። «ዝም ቢል እግዚአብሔር አይቀየመውም። እስቲ አንቺ ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«ለእሱማ ያላልሁት የለም።»

«ለባልሽ አላልሁም። ለእግዚአብሔር ነው።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በተከታዩ የልደታ ቀን ደጁን ተሳልማ በሴቶቹ በኩል ከጽዱ ሥር ቆመች። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋት። የቀድሞዎቹ ቃላት ከልጅዋ ጋር ተቀብረዋል። ቆይታ ቆይታ፣ ባሏ እንደሚያደርገው ከፊቷ ካለው ነገር ጀመረች።

«እመቤቴ፣ ሽሮው አልቋል።»

ከአፏ የወጣው ለራሷም አሳፈራት። ግን ተከትሎት ሌላው መጣ። «ቆዳውንም ወስደውበታል። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ዝምታው የእኔ ነበር፤ እሱ አይችልበትም።» ይህን ስትል አውሮፕላን ከሜዳው ተነሥቶ በላይዋ መጣ። የራሷን ድምፅ መስማት ስላቃታት ጮክ አለች፤ አውሮፕላኑ ሲርቅ «መናገሩን መልሺልኝ» የሚለው ጩኸቷ ብቻውን በግቢው ውስጥ ቀረ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ከዚያ ወዲያ ያለውን በሹክሹክታ ተናገረች። «ስለ ልጆቼ ተቀይሜሽ ነበር። አሁንም አልወጣልኝም። ግን ሌላ የምሄድበት የለኝም» አለች። ብዙ አለቀሰች። ያ ለቅሶ ለስንት ዓመት ተይዞ የቆየ ነበር።

ስትጨርስ የሆነ ነገር የለም። ዓይኗን ጠርጋ ሽሮ የሚሆን አተር ልትፈልግ ወደ ገበያ አመራች። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ከተክለ ሃይማኖት ማዶ ወዳለው ሜዳ ካዛወረው ወዲህ ሸክሙ ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። መንገድ ዳር አንድ ሰው ጭነቱን አውርዶ የአህያውን ጀርባ በውኃ ሲያጥብ አየች። አህያዋ ገጣባ ሆናለች፤ ቁስሏ አፉን ከፍቷል። ሰውየው ቦጂያ ይባላል፤ ከሰበታ በኩል እንጨትና ከሰል የሚያመጣ ነጋዴ ነው።

«ምነው ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍ የለህም?» አለችው።

«ጆንያ አለ እትዬ፣ ግን እየተንሸራተተ ይብስባታል። የሁላችንም አህዮች እንዲሁ ናቸው። የሚሰፋልን ሰው የለም።»

«የእኔ ባለቤት ኮርቻ ሰፊ ነው።»

ቦጂያ ሳቀ። «የበቅሎ ኮርቻ ሰፊ ለአህያ ይሰፋል?»

ቤት ገብታ ስትነግረው ተክለጻድቅም ያንኑ ነው ያለው። «ለአህያ?» ብሎ ዞር አለ። ስንት ጌታ በሱ እጅ ሥራ ላይ ተቀምጧል፤ እንደከፋው ፊቱ ይናገራል። ወርቅአፈራሁ አልተጫነችውም። ቦጂያን ግን ቤቷን አሳይታው ነበርና በማግስቱ አህያዋን እየነዳ መጣ። ተክለጻድቅ ከመደቡ አልተነሣም። አህያዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ጀርባዋን ዝንብ ወረሰው። እሱ ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየ። በመጨረሻ ተነሥቶ እጁን በቁስሉ ዳር ዳር አስኬደ።

«እንጨቱ በየት በኩል ነው የሚያርፍባት?» አለ።

ቆዳ ስለሌለ መደላድሉን በጆንያ ሊሰፋላት አሰበ፤ ውስጡን በጭድ ጠቅጥቆ፣ ቁስሉ ያለበትን ቦታ ክፍት አድርጎ፣ ጭነቱ በጎንና በጎን እንዲያርፍ። ወርቅአፈራሁ ጓዳ ገብታ ጭዱን ታበጥር ጀመር። ከደጅ የወስፌው ድምፅ ይሰማታል፤ ቀጥሎ ድምፁ ተቋረጠ። ቆየ። ከዚያ፣

«ጌታዬ፣ ክሩ አልገባ አለኝ» ሲል ሰማችው።

ጭዱን ጥላ ወጣች። መርፌውን ከእጁ ተቀብላ ክሩን አስገባችና መለሰችለት። እሱም ተቀበላት። እሷ ግን ወደ ጓዳ አልተመለሰችም፤ መደቡ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

የቦጂያ አህያ ጀርባ ዳነ፣ ሌሎቹም ነጋዴዎች መጡ። ኑሯቸው የድሮው አልሆነም፤ ሽሮው ግን ከቤታቸው አልጠፋም። የተክለጻድቅ ዓይን ምንም ጠበል ቢጠመቅ አልተመለሰም፤ እየጨለመ ሄደ። እሱ የአህያውን ጀርባ በእጁ እየዳበሰ ይነግራታል፣ እሷ ትሰፋለች። ማለዳ ማለዳ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ጋር ያወራሉ፤ አንዳንዴም አንዱ የሌላውን ቃል ያቋርጣል። የወርቅአፈራሁ ጸሎት ከባሏ ይልቅ ቁጣ ይበዛበታል። መምሬ ተሰማ ሰምተው «ደህና ነው፣ ይስማችሁ» አሉ።

ጣሊያን በወጣ ጊዜ በከተማው በቅሎ ዳግም በረከተ። አንድ ቀን ከጫካ የተመለሰ የአርበኞች አለቃ ከነአሽከሮቹ መጥቶ የተክለጻድቅን ኮርቻ ፈለገ። ተክለጻድቅ ዓይኑን አሳይቶት ወደ ሌላ ሰፊ መራው። ሲሸኘው ሳቂታ ነበር፤ ወርቅአፈራሁ ግን ተቃጠለች። ጭድ ልትገዛ ወደ ገበያ ስትወጣ መንገዱን ሁሉ እግዚአብሔርን ተናገረችው። «አሁን ነው ወይ በቅሎ የሚላከው? ያን ጊዜ ስንለምንህ የት ነበርህ?» እያለች ወረደች። ተክለ ሃይማኖት ደጅ ስትደርስ ንዴቷ በርዶላት ነበር፤ ተሳለመችና በዚህ ዝናብ ደረቅ ጭድ ከየት እንደሚገኝ እሱኑ ትጠይቀው ጀመር።