የጥሩነሽ ጣት ልክ

ጥሩነሽን ስኳር ድንች ስትገዛ ያላየ ሰው መምረጥ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሶዶ ባጃጅ ሳይገባባት በፊት ነው የምነግራችሁ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ። ገበያው ላይ ከበዴሳ የመጣው ስኳር ድንች መደብ መደብ ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ትልቅ የመሰለንን መደብ አይተን "ይሄን ስጪኝ" እንላለን፣ ተገላገልን። እሷ ቁጢጥ ትላለች። አንዱን ታነሳና አፈሩን በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ ከዚያ አውራ ጣቷንና የመሃል ጣቷን ወገቡ ላይ ታዞርበታለች። ጣቶቿ ጫፍ ለጫፍ ከተነካኩ ዘንቢሏ ውስጥ ይገባል፤ ካልተነካኩ ወይም ከተደራረቡ ይመለሳል። ሌላ ሰው መደባቸውን ቢያፈርስባቸው ሰማይ ምድሩን የሚያናውጡ ሻጮች እሷን ይታገሷታል።

"እትዬ፣ ስኳር ድንች ነው የምትገዢው ወይስ አማች ነው የምትመርጪው?" ይሏታል።

"አማች ቢከፋም ይለመዳል፤ ጥሬ ስኳር ድንች ማን ይለምዳል?" ትላለች፣ ሳትስቅ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሰፈራችን እድር ድስት በርሜል ያህላል። ሰው ሲሞት ያ ድስት ይጣዳል፣ ስኳር ድንቹ በኮባ ተሸፍኖ ይቀቀላል፣ ለለቀስተኛው በዳጣ በርበሬ ይቀርባል። ድስቱ አንድ፣ እሳቱ አንድ ነው። አንዱ ክንድ፣ አንዱ ጣት የሚያህል ከሆነ ቀጭኑ ሲፈርስ ወፍራሙ መሃሉ ጥሬ ይሆናል። ለቀስተኛ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ጥሬውን አግዳሚው ስር ወሽቆ ይሄዳል፣ ማግስቱን ውሻ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ሞት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠራው ካህን፣ ቀጥሎ ጥሩነሽ ነበረች።

ባሏ ጦና የቦዲቲ ሰው ነው፣ አናጺ። መዶሻ የለመደ ክንድ ነበረው። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ብዙ አይቻለሁ። ማታ ከሥራ ሲገባ እጁን ታስታጥበውና የእጁን አንጓ በሁለት ጣቷ ትይዘዋለች። ጣቶቿ አይደርሱም። "ይሄ ለድስት አይሆንም፣ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት" ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔ እሷ ስትቀልድ የሰማሁት ይቺን ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ ፊቷ የተዘጋ ነው።

ከዚያ ጦና ሳል ያዘው። ሐኪም ቤት ተመላለሱ፣ ጸበል ሞከሩ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ። ከሳ። አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንጓውን ይዛለች። ጣቶቿ ተገናኝተው አልፈው ተደራርበዋል። ጦና አይኑን ገልጦ "አሁንስ ድስት እገባለሁ?" አላት። ሊያስቃት ነበር፣ ምስኪን። እጇን ቶሎ መለሰችና ሾርባውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሞተ፣ ነፍስ ይማር።

ጥሩነሽ አላለቀሰችም። እኛ ዘንድ ሚስት ደረቷን ካልደቃች ሰው ያያል፣ ሰው ያወራል። የጦና እህት "ወንድሜን እንደ ጎረቤት ቀበረችው" ብላ ለመጣ ለሄደው ተናገረች። እኔ ሐሜቱ ምንም አልመሰለኝም። ያስፈራኝ እህል አለመቅመሷ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ፍራሹ ላይ ፍዝዝ ብላ ተቀምጣለች። ውሃ ሲሰጧት ትጎነጫለች፣ ቡላ ሲሰጧት ጎኗ ታስቀምጠዋለች። እናቷ ባሏ ሲሞት እንዲሁ እህል ትታ ዓመት ሳይሞላ እንደተከተለችው ጉኑኖ ያለ ዘመዷ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

እድሩ ድስቱን ጣደ። ሐዘንተኛ አትሠራም፣ ስለዚህ የምትመርጠው ሴት የለችም። "እኛ እንምረጣ፣ ስንት ዓመት አይተናት የለ እንዴ?" አለች ትዕዛዝ። ኩንታሉን ዘርግፈን ከበብነው። ሁላችንም እንደ ጥሩነሽ አፈሩን ጠረግን፣ ሁላችንም ጣታችንን አዞርን፣ ጫፍ ለጫፍ ሲነካካ ወደ ድስቱ። ኮራን እንኳ። ትዕዛዝ ማለት መዳፏ አካፋ የሚያህል ሴት ናት። አዲሷ ሙሽራ ሚስጥር ደግሞ ጣቷ ክብሪት ነው። አንዳችንም ይሄ ትዝ አላለንም።

ድስቱ ሲከፈት ግማሹ ገንፎ ሆኗል፣ ግማሹ ጥሬ። ደህና የመሰለኝን ለቅሜ በሳህን አደረግሁና ጥሩነሽ ፊት ተቀመጥኩ።

"አንድ ብቻ ቅመሺልኝ" አልኳት።

ከዚያ እጇ ብቻውን ተነስቶ ወፍራሙን ያዘ። ጣቶቿ አልደረሱም።

"ማን ነው የለካው?" አለች። ከቀብሩ በኋላ የሰማነው የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ሁላችንም። በአንቺ ልክ።"

በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች አየች፤ የትዕዛዝን እጅ፣ የሚስጥርን እጅ። "በየእጃችሁ ነዋ" አለች። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልለን እንስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ወፍራሙን መልሳ ከሥር አንድ ቀጭን አወጣች። ጣቶቿን አዞረችበት፤ ተገናኝተው ተደራረቡ። እንደያዘችው ቆየች።

"መጨረሻ ላይ ይሄን ታህል ነበር እጁ" አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ። "መክሳቱን ጣቴ እንዳይነግረኝ ብዬ እጁን መያዝ ተውኩ። ሲሞትም አጠገቡ ነበርኩ። አልያዝኩትም።"

ክንዴን ዘርግቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። እኔ ወፍራም ነኝ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ነው።

በግራ እጇ አንጓዬን ያዘች። በቀኝ እጇ ቀጭኑን ስኳር ድንች ልጣጩን ሳታነሳ ገመጠች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች። እንባ የለም። ደግማ ገመጠች። ጨርሳ ሌላ ቀጭን ከሳህኑ እስክታነሳ ድረስ ክንዴ ደንዝዞ ነበር፤ ጣቶቿ ዙሪያውን አልደረሱም፣ ግን አልለቀቀችኝም።