ጋሼ መርጊያ ነግረውኝ የማያውቁት ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ ብርዱ ገብቶ ቀኑ ቶሎ መጨለም ሲጀምር፣ አባቴ ዕቃ ከሚያወርድበት ዌርሃውስ እስኪመለስ የምቆየው ጎረቤታችን ጋሼ መርጊያ ዘንድ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ከሚባለው ትልቅ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ከማውቃቸው ቤቶች እሳት ማንደጃ ያለው እሳቸው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩበት ቤት ብቻ ነው፤ እንጨቱንም ራሳቸው ካልጨመሩ ደስ አይላቸውም። በወጣትነታቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ለወንጌል አገልግሎት ወደ ማላዊ ልካቸው፣ በደቡቡ ቆላ፣ ሺሬ በሚባል ወንዝ ዳር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ያኔ የሚነግሩኝ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነበር፤ ጉማሬ ስለገለበጠው ታንኳ፣ በድርቅ ጊዜ እየዘመሩ ጉድጓድ ስለቆፈሩት ሴቶች፣ እባብ ነድፏት በብስክሌት ተጭና ክሊኒክ ስለደረሰች ልጅ። ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያስፈራ መጨረሻው ላይ ሰው ይተርፋል። ይህን ስለማውቅ መፍራቱን እወደው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ወደዚያው አገር ሄደች። ነርስ ነበረች፤ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ ወር አገልጋዮች ሲልክ፣ በአንድ የገጠር ክሊኒክ አራሶችንና ሕፃናትን ልትረዳ አብራ ተነሳች። ልቧን የወሰዱት የጋሼ መርጊያ ታሪኮች እንደሆኑ ቤታችን ውስጥ የታወቀ ነበር። ከሄደች ብዙም ሳትቆይ፣ አንድ ቀን አባቴን ስልኩን ይዞ ኩሽና ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። እናቴ ባለችበት አካባቢ ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ሞልቶ ወጥቷል፣ መንገዱ ተቆርጧል፣ የቡድኑ ስልክ አይሠራም። ይህን የነገረኝ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ነበር፤ ስልኩን አስቀምጦ ግን አንድ ንጹሕ ብርጭቆ ደጋግሞ ያጥብ ነበር።

በማግስቱ በእኛም ከተማ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ፣ የከበዳቸው ቅርንጫፎች በመብራት ሽቦዎች ላይ ወደቁ፤ ሰፈሩ ጨለመ። አመሻሹ ላይ እኔና አባቴ ወደ ጋሼ መርጊያ እሳት ሄድን። የአባቴ ስልክ ባትሪው እየደከመ ስለሆነ፣ እየወጣ መኪናው ውስጥ ቻርጅ ያደርገዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይገባና የሻማው ነበልባል ይተኛል። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ዓይናችንን ይለበልበናል። መጠበቁን መቋቋም ሲያቅተኝ ታሪክ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ ከዚያ በዚያ በሚደናቀፍ አማርኛዬ፣ «ጋሼ፣ ማሚ እንደምትመጣ ፕሮሚስ አድርግልኝ» አልኳቸው። አንቱ ማለት እንዳለብኝ ሁልጊዜ የሚያርመኝ አባቴ ያን ዕለት አላረመኝም።

ጋሼ መርጊያ ፍሙን በብረት ቆስቁሰው አንድ እንጨት ጨመሩ። ከዚያ፣ ነግረውኝ የማያውቁትን ታሪክ ጀመሩ።

አንድ ዓመት ወንዙ በድንገት ሞልቶ እሳቸውና የመንደሩ ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ወጡ። ቺሶሞ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ቋንቋውን ያስተማራቸው፣ ወባ ሲጥላቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ያስታመማቸው፣ ሊያገለግሉ ሄደው መጀመሪያ እሳቸውን ያገለገላቸው ሰው። ቺሶሞ በታንኳው እየተመላለሰ ሕፃናቱን፣ ከዚያ አሮጊቶቹን፣ በመጨረሻም ጋሼ መርጊያን ወደ ከፍታው አሻገረ። ማንጎ ዛፍ ላይ የቀሩ ሰዎች ድምፅ አሁንም ይሰማ ስለነበር፣ ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ተመልሶ ቀዘፈ። ከፍታው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«አልተመለሰም» አሉኝ። «አንቺ አሁን እንደምትለምኚው እኔም ስለ እሱ ጌታን ለምኜ ነበር። አልተመለሰም፣ ልጄ።»

አባቴ ቀና አለ። የሚቆጣቸው መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም።

«ስለዚህ ፕሮሚስ ላደርግልሽ አልችልም» አሉ ጋሼ መርጊያ። «የዚያን አገር ሰዎች ግን አውቃቸዋለሁ። እናትሽን ብቻዋን አይተዋትም።»

አለቀስኩ። አታልቅሺ አላሉኝም፤ የተከናነቡትን ብርድ ልብስ ግማሹን እኔ ላይ ጣል አድርገው ከእኔ ጋር እሳቱን ማየት ቀጠሉ።

ስልኩ የጮኸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ግን እናቴ ነበረች። ውሃው ክሊኒኩን ሲሞላ የመንደሩ ሴቶች አራሶቹን አዝለው፣ እሷን እጇን ይዘው ወደ ኮረብታው አውጥተዋቸዋል፤ ለልጆቻቸው ካገነፉት የበቆሎ ገንፎ ቀንሰው አብልተዋታል። «ልረዳቸው መጥቼ...» ብላ ድምጿ ጠፋ፤ ኔትወርኩ ይሁን ለቅሶው አባቴ መለየት አልቻለም። አብራት ትሠራ የነበረች የአገሩ አዋላጅ ግን አልተገኘችም። ይህን የሰማሁት እናቴ ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ማታ ማታ ለአዋላጇ ልጆች ስትጸልይ እሰማት ነበር። በዓመቱም ተመልሳ ሄደች።

መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ጋሼ መርጊያን ለሐኪም ቀጠሮ የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ ያን ታሪክ ለምን ያን ዕለት እንደነገሩኝ ጠየቅኋቸው፤ ለልጅ የሚነገር እንዳልነበረም አልደበቅኋቸውም። በመስኮቱ እያዩ፣ «ሌላውን፣ ሰው የሚተርፍበትን ብነግርሽ ዝም ትይ ነበር» አሉኝ። «ግን ብቻሽን ትፈሪ ነበር።»

አሁን እሳቸው የሉም። ጉማሬው፣ ድርቁ፣ ብስክሌቱ፣ የቱ ከየትኛው መንደር እንደነበር ተደበላልቆብኛል። ያ ምሽት ግን እንዳለ አለ። ክፉ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ሳይ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል ለማለት አፌን እከፍትና እተወዋለሁ፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።