እትዬ ዘነበች «አልሞትም» ያሉበት ልብ አንጠልጣይ ፊልም

መጀመሪያ ቀን ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ የገባሁት በሙሉ ልብስና በክራባት ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊልም የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚለብስ መስሎኝ። ክፍሉ የኮሌጃችን ምድር ቤት ውስጥ ነው። መምህራችን በርባንክ ያሉ ስቱዲዮዎች ውስጥ ፊልም ስትቆርጥ ጸጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ነበረች። ነጭ የጥጥ ጓንት ሰጠችኝ። ፊልም በባዶ እጅ ስለማይነካ ነው፤ እኔ ግን ለክብር የተሰጠኝ መስሎኝ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ስል ክራባቴ ከሚዞረው ፊልም ጋር አብሮ ገባ። ማሽኑ አገጬን እስክሪኑ ድረስ ጎትቶ ቆመ። መምህሯ መቀስ ይዛ መጣች።

«ወይ ክራባቱን ፍታው ወይ እቆርጠዋለሁ። እንጀራዬ መቁረጥ ነው» አለችኝ።

ፈታሁት።

ይህ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ኤዲት የሚደረገው በእጅ ነበር። ፊልሙን እንቆርጣለን፣ በቀጭን ፕላስተር እንቀጥላለን፣ የተረፈውን ቁራጭ እንደ ቋንጣ ሚስማር ላይ እንሰቅላለን። ድምፁ ሌላ ጥቅል ላይ ስለሆነ ከምስሉ ጋር ማጋጠም አለብን። ለብዙ ሳምንታት የእኔ ሰዎች ድምፃቸው የሚሰማው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነበር።

ጧት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ዌስትቼስተር አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ስለዚህ መምህሯ የመጨረሻውን የክፍል ሥራ ስትነግረን ጆሮዬ ቆመ። የአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻውን ብቻ ሠርተን እንድናመጣ ነበር።

«ተመልካቹ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ እንዲቀር አድርጉ። ከሁሉ በተሻለ የቆረጠውን በርባንክ የድሮ ክፍሌ ወስጄ ተለማማጅ አስደርገዋለሁ» አለች።

ተለማማጅ የመጨረሻው እርከን ነው። ከእሱ በላይ ረዳት ኤዲተር፣ ከዚያ በላይ ኤዲተር አለ። ተለማማጅ ጥቅል ይሸከማል፣ ቁራጭ ይለቅማል፣ ይሰደባል። እኔ ግን ከሰው መኪና ቁልፍ የሚገላግለኝ ከሆነ ለመሰደብ ዝግጁ ነበርኩ።

የክፍል ጓደኛዬ ሰለሞን ታክሲ ነጂ ነበር። ዳይሬክተርም ገዳይም እሱ ሆነ፤ ኤዲተሩ እኔ። «ስምህ ተፈራ! ሶ፣ ግማሹን ሥራ አባትህ ጨርሰውልናል» አለኝ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት ሴት ምግብ ቤቷን ዘግታ ብቻዋን ስታጸዳ የጓሮው በር ይንኳኳል።

ምግብ ቤቱን ፌርፋክስ መንገድ ላይ አገኘን። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች ሰፊ ትከሻና ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሳቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ቤታቸውን ብቻ እንዲሰጡን ብንጠይቃቸው ሴትዮዋንም እኔው ካልሆንኩ አሉ። ሁለት ነገር ጠየቁ።

«አንደኛ፣ የቤቴ ታፔላ ይታይ። ሁለተኛ፣ አልሞትም።»

«እትዬ፣ ትሪለር እኮ ነው» አለ ሰለሞን።

«የፈለገውን ይሁን! በገዛ ቤቴ ሞቼ ደንበኛ ላሸሽ? አልሞትም ብያለሁ!»

በዝግ ቀናቸው መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነን በጠራራ ፀሐይ ሌሊት አደረግነው። ችግሩ እትዬ ዘነበች አልፈራ ማለታቸው ነበር። ሰለሞን በጥቁር ኮት ሲገባ ባዩት ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ። አንዴ ጭራሽ ቢላዋ ይዞ እየመጣ፣ «ግባ የኔ ልጅ፣ ደግሞ ከስተሃል፤ ምሳ በልተሃል?» አሉት።

ሰለሞን ተናደደ። ካሜራው እየቀረጸ ሳለ ወጣ፤ እኛ ሲጋራ ሊያጨስ መስሎን ነበር። ድንገት የጓሮውን በር ከውጭ በቡጢ ይደበድበው ጀመር። የእትዬ ዘነበች እጅ ላይ የነበረው ጭልፋ ወደቀ። አልጮኹም። ፊታቸው ባዶ ሆነ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡና ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከዚያ ሰለሞን ሲገባ «አንተ ሰይጣን!» ብለው ሳቁና ወደ ማድ ቤት ገቡ። ቶሎ አልተመለሱም። እኛ «አገኘነው!» እየተባባልን እየተቃቀፍን ነበርና አላስተዋልንም።

ኤዲቲንግ ላይ ብልሃተኛ ልሁን አልኩ። ፊልሙን እንደ ሽንኩርት ከተፍኩት፤ ጭልፋ፣ ጫማ፣ ድስት፣ ቢላዋ፣ እንደገና ድስት። መምህሯ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ፣

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ገዳዩ ድስቱን ለምንድን ነው የሚያሳድደው?» አለችኝ።

ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ቀጠልኩ። የእትዬ ዘነበችን ፊት ሳልነካው እንዳለ አስገባሁት። በዚህ ጊዜ መምህሯ ወንበሯን ወደ እስክሪኑ ሳበች። «ይሄንን እንዳትነካው። ይሄ በርባንክ ያስገባሃል» አለች። ያን ቀን የሆቴሉን እንግዶች መኪና እያፏጨሁ ፓርክ አደረግሁ።

ለክፍሉ ከማሳየታችን በፊት እትዬ ዘነበች ራሳቸውን ሊያዩ መጡ። ምሳ ቋጥረውልናል። ታፔላቸው ሲመጣ አጨበጨቡ፤ ቀሚሳቸውን ሲያዩ «ምነው እንዲህ ወፈርኩ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በሩ ተደበደበ።

«አጥፋው» አሉኝ።

አጠፋሁት። ፊታቸው ግን እስክሪኑ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ እኮ ነው በጣም ጎበዝ የሆኑት!» አልኩ፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ይሄ ትወና አይደለም፣ ልጄ። ወንድሜን ሊወስዱት የመጡ ቀን በሩን እንደዚህ ነው የደበደቡት። እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው።» ቦርሳቸውን አነሡ። «ሳቄን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ይሄንን ግን ለማንም አልሰጠሁም። አውጣው።»

ሲወጡ ሰለሞን ምሳውን ፈታው። እስክሪኑ ላይ የቆመውን ፊታቸውን እያየን የቋጠሩልንን በላን። ከዚያ የከፋ ምሳ በልቼ አላውቅም፤ ግን ጨረስነው።

«እንድንቀርጻቸው ፈቅደው ፈርመዋል እኮ፤ ወረቀቱ አለን» አለ ሰለሞን።

«አውጣው ነው ያሉት።»

«በርባንክስ? ኦኬ፣ አንተ ዕድሜህን በሙሉ ቁልፍ ተቀበላ!»

ወደ ኤዲቲንግ ጠረጴዛው ተመለስኩ። መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ልተውለት ብዬ ፊታቸው የሚታይበትን አሳጠርኩት። ባሳጠርኩት ቁጥር ይብስ ያስፈራል። ለካ ሙያዬ የተሻሻለው እዚህ ላይ ነው! በመጨረሻ ቁራጩን ከነድምፁ አወጣሁትና በቦታው እየሳቁ ጠረጴዛ ሲወለውሉ የሚያሳየውን ቀጠልኩ። ሰለሞን ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ፊልሙ ወደታጠበበት ላብራቶሪ ሄዶ የዚያን ቀረጻ ዋናውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ ይዞ መጣ። «እንዳታናግረኝ፣ ዝም ብለህ ያዝ» አለኝ። ቁራጩንም ኔጋቲቩንም ወስጄ ለእትዬ ዘነበች ሰጠኋቸው። አላዩትም፤ የሽንኩርት ልጣጭ ከሞላው ቆሻሻ መጣያ ጨመሩትና «ቁጭ በል፣ ብላ» አሉኝ።

ፊልሙ ለክፍሉ ሲታይ ተመልካቹ የወንበሩን እጀታ አልጨበጠም። በር ይንኳኳል፣ ሴትዮዋ ትስቃለች፣ ያልቃል። የአንድ ሌላ ተማሪ ፊልም ሲያስደነግጥ የእኛ አሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቁት፣ ፊት ወንበር ላይ በአዲስ ቀሚስ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ነበሩ።

መምህሯ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «የሚነክሰውን ጥርስ አወለቅከው። ለምን?»

ነገርኳት። ጓንቷን እያወለቀች አዳመጠችኝና «ጥሩ» አለች። በርባንክ ግን ሌላውን ልጅ ላከችው። አላዘነችልኝም፤ ትክክል ነበረች፤ የሱ ፊልም ይበልጣል።

ቀጥሎ ከአንድ ዓመት በላይ መኪና ፓርክ አደረግሁ። አንድ ቀን መምህሯ ደወለች። ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ እውነተኛ ሰዎች ስለ ኑሯቸው የሚናገሩባቸውን ፊልሞች የሚቆርጥ ትንሽ ክፍል ተለማማጅ ይፈልግ ነበር።

«ፈጣን አይደለም፣ ድስት ይወዳል፤ ግን ሰው አውጣው ሲለው ያወጣል ብያቸዋለሁ» አለችኝ።

እዚያ ጥቅል ተሸከምኩ፣ ተሰደብኩ፣ ረዳት ሆንኩ፣ ኤዲተር ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ብዙ ሰዎች ካሜራ ፊት አልቅሰው በማግስቱ ደውለው «ያን ነገር አውጡልኝ» ብለውኛል። አለቆቼ ተቆጥተዋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አኩርፌያለሁ፤ ሁልጊዜ የሚወጣው ጥሩው ነውና።

ለአዲስ ኤዲተሮች የምለው አጭር ነው። የሰው ፊት ከፊልማችሁ በፊት የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ አውጡት ካለ አውጡት። ፊልማችሁ ይዳከማል። የእኛም ተዳክሟል።